ቁስለኛ ሲያስታምም፦ የቀድሞ ወታደር ለወታደር የሚሰጠው ድጋፍ እስከ የት ይዘልቃል?

ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ባለቤቱ ብትጠይቀውም መልሱ ያው ነው፤ እናቱ ስትጠይቀውማ ፈገግታ ይጨምርበታል። ይኸው ሰው ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ የቀድሞ ወታደር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተም ሌሊት እየተነሣህ በር ትፈትሻለህ?» ቢለው ግን «ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ» ይለዋል። ከቤተሰብም ከሐኪምም ተሰውሮ የከረመ ነገር በአንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ጠያቂው ራሱ በር ሲፈትሽ የሚያድር ሰው መሆኑን አስቀድሞ ተናዝዟልና።

ቀላል በሚመስለው በዚህ ልዩነት ላይ የቆመው የአቻ ድጋፍ፣ ማለትም በተመሳሳይ ችግር ያለፈ ሰው ለሌላው የሚሰጠው ድጋፍ፣ ዛሬ በተለያዩ አገሮች ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ የጤና አገልግሎት አካል ሆኗል። ከእርሱ ጋር ተያይዞ አንድ ትልቅ ተስፋም ይነገራል፦ ሰው ከሥነ ልቦና ስብራት ማገገም ብቻ ሳይሆን ከቀድሞው የሰፋ ሰው ሆኖ ሊወጣ ይችላል የሚል። ሁለቱንም አምናለሁ። ሁለተኛው ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ የተሰበረውን ሰው ዳግመኛ ሊሰብረው ይችላል፤ አገልግሎቱን የሚያደራጁ ሰዎችም ሆኑ በበጎ ፈቃድ የሚገቡበት የቀድሞ ወታደሮች ይህን አጥርተው ሊያውቁት ይገባል።

የአቻ ድጋፍን በዘመናዊ መልኩ የጀመሩት ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ፣ ከቬትናም የተመለሱና ጦርነቱን የሚቃወሙ ወጣቶች ኒውዮርክ ውስጥ በማኅበራቸው ቢሮ እየተሰበሰቡ ያዩትንና ያደረጉትን መነጋገር ያዙ። የሚሰማቸው ነገር በጊዜው በነበረው የሕክምና መመሪያ ውስጥ የራሱ ስም አልነበረውም። ሆስፒታል የሄደውም ችግሩ ከመጠጥ፣ ከጠባይ ወይም ከውትድርናው በፊት ከነበረ ሕመም ጋር እየተያያዘ ይመለስ ነበር። ሮበርት ጄይ ሊፍተንና ካይም ሻታን የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ወደ ስብሰባው ተጋብዘው ገቡ፤ የገቡት ግን በወታደሮቹ ደንብ ነው። ቦታው የወታደሮቹ ነው፤ ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ የሚታዘብበት ወንበር የለም፤ ለምን እንደመጣ፣ እርሱስ ምን እንደሚሰማው ይጠየቃል። በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሰዎች ይህን መቀበላቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሻታን በ1972 ስለሰሙት ነገር በኒውዮርክ ታይምስ ጻፉ። ብዙ ክርክር ከተካሄደ በኋላ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው ሦስተኛ የምርመራ መመሪያ ላይ፣ በምኅጻር ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. እየተባለ የሚጠራው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ሰፈረ። በመኪና አደጋ፣ በወሲባዊ ጥቃትና በተፈጥሮ አደጋ የተጎዱ ሰዎች ዛሬ ሕክምና የሚያገኙበት ስያሜ በከፊል የመጣው ከእነዚያ ወጣቶች ንግግር ነው። የቀድሞ ወታደር ሌላውን ይረዳል ስንል ወታደር ወታደርን ከመርዳት ያለፈ ነገር መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

የአሜሪካዊው የቀድሞ ወታደር የማክስ ክሌላንድ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1968፣ ኬ ሳን በተባለው የቬትናም የጦር ግንባር አቅራቢያ ከሄሊኮፕተር እንደወረዱ መሬት ላይ የእጅ ቦምብ አዩ። የራሳቸው የወደቀባቸው መስሏቸው ሊያነሡት እጃቸውን ሲዘረጉ ፈነዳ፤ ሁለት እግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን አጡ። ያኔ ዕድሜያቸው 25 ነበር። በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይን የሚመራው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። በዚያ ሥልጣን ላይ ሆነው ከታገሉላቸው ነገሮች ዋነኛው በ1979 የአገሪቱ ምክር ቤት የፈቀደው የምክር ማዕከላት መርሐ ግብር ነው። ማዕከላቱ ሆን ተብሎ ከሆስፒታል ቅጥር ውጭ፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ዳር ተከፈቱ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የመጡ ነበሩ። እዚያ የተነገረ ነገር፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፣ ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ወደ ሌላ መዝገብ እንዳይሻገር ተደረገ። ዛሬ ቁጥራቸው 300 ገደማ ደርሷል፤ ቤተሰብንም፣ በግዳጅ ላይ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ያጡትንም ያስተናግዳሉ።

መንገድ ዳር መከፈቱና የምሥጢሩ ጥበቃ ጥቃቅን የአስተዳደር ውሳኔዎች ይመስላሉ። ለእኔ ግን የነገሩ ግማሽ እነርሱ ናቸው። መንግሥት ልኮት የተጎዳ ሰው ወደ መንግሥት ሕንፃ ሄዶ ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን እንዲዘከዝክ መጠበቅ ከባድ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ወታደር በግንባር የሚማረው ነገር ነፍስ ያተርፋል። እንቅልፍን ቀላል ማድረግ፣ ከሰው ፊት ይልቅ እጁን መመልከት፣ መውጫውን ሳያረጋግጡ አለመቀመጥ፣ ጓድ ሲወድቅ ሐዘንን ለኋላ ትቶ ግዳጅን መፈጸም፣ ቁጣን በቅጽበት ወደ ድርጊት መለወጥ፤ እነዚህን ያልያዘ ሰው እዚያ አይቆይም። ቤት ከተመለሰ በኋላ ግን ሰውነቱ አደጋው ማለፉን ሳይቀበል ይቆያል። በር ሲጋጭ ልቡ ይመታል፤ የተቃጠለ ነገር ሲሸተው አፉ ይደርቃል፤ ልጁ ከኋላው ሮጦ ሲያቅፈው ክንዱ ሳያስበው ይወረወራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሐፍረት ከሰው ያርቀዋል፤ መራቁ ደግሞ ሕመሙን ያጸናዋል። ሁሉም እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። በአሜሪካ በአጠቃላይ ከ100 የቀድሞ ወታደሮች መካከል በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የሚያገኛቸው 7 ያህሉ ናቸው፤ ከቬትናም በተመለሱ ወንዶች ላይ የተካሄደውና በ1980ዎቹ መጨረሻ ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ግን 30 በመቶ ገደማ አግኝቶ ነበር። የገጠመው ጦርነት ዓይነትና አገሩ የተቀበለበት መንገድ ልዩነት ያመጣል።

የአቻ ደጋፊው የመጀመሪያ ሥራ ይህን ሁሉ ከሐፍረት ማውጣት ነው። ሥራውን በቅርብ ላየው ሰው የሚገርመው ትንንሽ ነገሮች ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ልምድ ያለው ደጋፊ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ የሚያስደግፈውን፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያሳየውን ወንበር ራሱ አይቀመጥበትም፤ ለአዲሱ ሰው ትቶለት በሩን ወደ ኋላው አድርጎ ይቀመጣል። አንድም ቃል ሳይነገር እንግዳው መታወቁን ያውቃል። ዝምታ ቢረዝም አይጣደፍም። ከራሱ ታሪክ ሲያካፍል ያሳጥረዋል፤ የሚነግረውም በአብዛኛው ስለ ውጊያው ሳይሆን ከውጊያው በኋላ ስለመጣው ነው፦ ሥራ ስለለቀቀበት ቀን፣ ባለቤቱ ከሌላ ክፍል መተኛት ስለጀመረችበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ርዳታ ሲጠይቅ ስለነበረው ፍርሃት። በሥልጠና ከሚሰጡት ደንቦች ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። የጦር ሜዳ ጨዋታ በሁለት ወታደሮች መካከል ሲነሣ ማን የባሰ አየ ወደሚል ፉክክር ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ለማገገም የመጣው ሰው የእኔማ ምን አላት ብሎ አፉን ይዘጋል።

ሌላው የአቻ ደጋፊው ሥራ ወደ ሕክምና ማሻገር ነው። ለፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. በጥናት የተረጋገጡ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው ታማሚው የሸሸውን ትዝታ በባለሙያ እየታገዘ ደጋግሞ እንዲጋፈጠው ያደርጋል፤ ሌላው በክስተቱ ምክንያት ስለራሱና ስለ ዓለም የያዛቸውን ድምዳሜዎች አንድ በአንድ ይመረምራል። ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ችግሩ ብዙ ሰው ወደ እነርሱ አለመምጣቱ፣ ከመጣውም ቀላል የማይባለው መሐል ላይ ማቋረጡ ነው። ትዝታን መጋፈጥ ሲጀመር ነገሩ የባሰ የሚመስልበት ጊዜ አለና። ባለሙያው «ይህ የሚጠበቅ ነው» ሲለው ታማሚው ሊጠራጠር ይችላል። ያለፈበት ሰው «እኔም በዚያ ሳምንት ልተወው ወስኜ ነበር፤ ነገ አብሬህ እመጣለሁ» ሲለው ግን ይሄዳል። የአቻ ድጋፍ ብቻውን የሕመም ምልክቶችን የመቀነስ አቅሙ መጠነኛ ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ብቸኝነትን በማቅለል፣ ተስፋን በመመለስና ሰውን ሕክምና ላይ በማቆየት ነው። ስለዚህ የአቻ ደጋፊን በሐኪም ምትክ ማስቀመጥ፣ በተለይ ለበጀት ቁጠባ ሲባል፣ ለሁለቱም ወገን በደል ነው።

አሁን ወደ አወዛጋቢው ጉዳይ እንምጣ። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሻርሎት ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከስብራት በኋላ የሚመጣ ዕድገት ስላሉት ነገር መጻፍ ጀመሩ፤ በ1996 ደግሞ 21 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጡ። መለኪያው የሚያያቸው አምስት ዘርፎች ናቸው፦ በራስ ጥንካሬ ላይ ያለ እምነት፣ ከሌሎች ጋር ያለ ቅርበት፣ ቀድሞ ያልታዩ የሕይወት መንገዶች፣ ለመኖር የሚሰጥ ዋጋ፣ እንዲሁም መንፈሳዊ ለውጥ። ሁለቱ ምሁራን አሰቃቂ ክስተትን የሚመስሉት በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የሚፈርሰው ሰው ሳያስተውለው ሲኖርበት የነበረው የእምነት ሕንፃ ነው፤ ዓለም በመጠኑም ቢሆን ፍትሐዊ ነው፣ እኔ መልካም ሰው ነኝ፣ ነገ ከዛሬ ይያያዛል የሚል። ዕድገት የሚሉት ፍርስራሹን አንሥቶ እንደገና በሚታነጸው ነገር ላይ የሚታየውን ነው። ዕድገቱ ከድርጊቱ አይመጣም፤ ከድርጊቱ በኋላ ከሚደረገው ትግል ነው የሚመጣው።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሲዘለል ነው ጥፋቱ የሚጀምረው። ጦርነት ሰውን ያጠነክራል የሚለውን አሮጌ አባባል ሳይንስ ያጸደቀው ይመስል የሚናገሩ አሉ። ጦርነት ሰውን አያጠነክርም። ጦርነት ሰውን ይጎዳል፤ ከተጎዱት አንዳንዶቹ፣ ጊዜና ሰው ሲያገኙ፣ በራሳቸው ድካም አዲስ ነገር ያንጻሉ። ያላነጸው ሰው ደግሞ ሰነፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ከ3,100 በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን ያካተተ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሁሉም ተሳታፊዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ከገጠማቸው እጅግ የከፋ ክስተት ጋር በተያያዘ ቢያንስ መካከለኛ የሆነ ዕድገት እንዳዩ ተናግረዋል። የፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ምልክት ከታየባቸው መካከል ደግሞ ይህን ያሉት 72 በመቶ ናቸው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ዕድገት ተናገሩ ማለት ነው። ከዚህ የምረዳው ዕድገትና ስቃይ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ነው። ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ ሰው ቀን ላይ ከልጆቹ ጋር ከምንጊዜውም የበለጠ ቀርቦ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድን ሰው «አሁን ተለውጠሃል፤ አድገሃል» ብሎ ከሕክምናው ማስወጣት የጥናቱን ውጤት ገልብጦ ማንበብ ነው።

ጥርጣሬውም ሊሰማ ይገባዋል። ፓትሪሺያ ፍሬዚየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከአሰቃቂ ክስተት በፊትና በኋላ በመለካት፣ ሰዎቹ አድገናል ብለው የሚናገሩት ለውጥ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ከታየው ለውጥ ጋር በአመዛኙ እንደማይገናኝ አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው ይላሉ፤ አንዱ ሰውን በተግባር የሚለውጥ፣ ሌላው ሕመሙን ላለማየት የሚደረብ መሸፈኛ። እኔ ሁለተኛውንም አልንቀውም፤ አንዳንድ ሰው አንድን መጥፎ ዓመት የሚሻገረው በዚያ መሸፈኛ ነው። ነገር ግን የድጋፍ መርሐ ግብር ስኬቱን በተሳታፊዎች የዕድገት ምስክርነት ብቻ ሲለካ መሸፈኛውን እየሸለመ መሆኑን ማወቅ አለበት። መለካት ያለበት እንቅልፉ፣ ሥራው፣ መጠጡ፣ የቤት ሰላሙ ነው፤ ያውም ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ሳይሆን ከዓመት በኋላ።

ቴዴስኪ ለረዳቱ የሰጡት ሚና ከአቻ ድጋፍ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈልገው ጠቢብ የመንገድ ጓደኛ ነው ይላሉ፤ ከአስተማሪነት ይልቅ አብሮ የሚሄድ፣ ታሪኩን ደጋግሞ ለመስማት የማይሰለች፣ ያልተጠየቀ ትርጉም የማይሰጥ። «ከዚህ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስድብ ነው። ጓዱን በቅርብ የቀበረ ሰው የጓዱን ሞት ወደ ትምህርት እንዲለውጥ ማን ሊጠይቀው ይችላል? ቀድሞ የሚመጣው ሰውነትን ማረጋጋት ነው፤ መተንፈስ፣ መተኛት፣ ከሰው ጋር መብላት። ትርጉም የሚመጣ ከሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በባለታሪኩ አንደበት ይመጣል፤ ደጋፊው ያን ጊዜ ሰምቶ ልብ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሰውን ክስተቱ እንዳለፈ ወዲያው አስቀምጦ ሁሉንም ተናገር ማለትም አይጠቅምም። በአንድ ጊዜ ስብሰባ የሚደረግ እንዲህ ዓይነት ንግግር ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.ን እንደማይከላከል፣ አንዳንዶችንም ሊጎዳ እንደሚችል በጥናቶች ግምገማ ታይቷል።

ከፍርሃት የተለየ ሌላ ቁስል አለ፤ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የኅሊና ቁስል ብለው በስፋት የሚያጠኑት። ሰው ራሱ ያደረገው፣ ማድረግ ሲገባው ያልቻለው ወይም አለቃው አድርግ ያለው ነገር ከእምነቱ ጋር ሲጣላ የሚመጣ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ ከጦር ሜዳ ከተመለሱት መካከል ግን የወጋውም የማይረሳበት ብዙ ሰው አለ። የአቻ ድጋፍ ከሌላው ነገር ሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወዳጅ ዘመድ «ጦርነት ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብሎ ፈጥኖ ሲያጽናና ባለጉዳዩ ያልተሰማ ያህል ይሰማዋል። የቀድሞ ወታደር ግን እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ማን ነበር አጠገብህ? ምን ይታይህ ነበር? በስንት ሰከንድ ነው የወሰንከው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም መዳኘት ሳያስፈልገው ይረዳዋል። ጥፋት ካለ ጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ምን ተደርጎ ይካሳል ወደሚለው ይሄዳል። ብዙዎች ሌላውን በመርዳት ሥራ የሚሰማሩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ክሌላንድም ይህን ሸክም ተሸክመዋል። ያ የእጅ ቦምብ ከእርሳቸው ትጥቅ የወደቀ፣ ጉዳቱም በራሳቸው ስሕተት የመጣ እንደሆነ አምነው ከ30 ዓመት በላይ ኖሩ። በ1999 በቦታው የነበረ ሌላ የቀድሞ ወታደር ደውሎ ቦምቡ የሌላ ወጣት ወታደር እንደነበር ነገራቸው። አንድ ሰው አገርን የሚያህል መሥሪያ ቤት መርቶ፣ የአገሪቱ ሴናተር ሆኖ፣ ለሺዎች የሚተርፍ ተቋም አቁሞ፣ ውስጡ ግን በእኔ ጥፋት ነው በሚል ሐሳብ ሲበላ መኖሩ ከሹመትና ከስኬት ተነሥቶ ስለ ሰው ማገገም መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳየኛል። ነጻ ያወጣቸውን ቃል ያመጣው ሰውም በዚያች ቀን አብሯቸው የነበረ ወታደር ነው።

የደንብ ልብስ አብሮ መልበስ ግን ለሁሉም ሰው መጠለያ አይሆንም። በገዛ ጓዷ ወይም በአለቃዋ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ወታደር፣ የቀድሞ ወታደሮች የሞሉበት ክፍል ለእርሷ የአደጋው ቦታ ሊሆን ይችላል። ጥቃት የደረሰባቸው ወንዶችም አሉ፤ እነርሱ እንዲያውም ከሁሉ የባሰ ዝም ይላሉ። ስለዚህ አቻ ማለት ምን እንደሆነ መወሰን ያለበት የሚረዳው ሰው ነው። ከማን ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ሴት ደጋፊዎችን ማሠልጠን፣ የተናጠል ድጋፍ ማዘጋጀት የመርሐ ግብሩ መሠረት ሊሆን ይገባል።

ራስን የማጥፋት ጉዳይ ሊታለፍ አይችልም። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ6 ሺህ በላይ የቀድሞ ወታደሮች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከ10 ሰባት ያህሉ በጦር መሣሪያ ነው። የአቻ ደጋፊ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅን መሠልጠን አለበት፤ ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ እንደማይዘራ በጥናት ታውቋል። መልሱ አዎ ከሆነ ምሥጢር ጠባቂነቱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሰውየውን ብቻውን ሳይተው በዚያው ሰዓት ወደ ባለሙያ ያደርሰዋል። ወታደር ከወታደር የሚቀበለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሐኪም መሣሪያህን አስረክብ ቢለው የሚቆጣ ሰው፣ ጓዱ «እስኪያልፍልህ እኔ ጋ ይቀመጥ» ሲለው ይሰጣል። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በሰውየውና በመሣሪያው መካከል የተፈጠረ ርቀት ሕይወት ያተርፋል።

ስለ ደጋፊው ራሱ ሳይነገር የሚቀር ብዙ ነገር አለ። ሌላውን መርዳት ረጂውን ይፈውሳል የሚለው ሐሳብ በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ተረጂ ብቻ ሆኖ የከረመ ሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለው ሲያይ ቀና ይላል። ሆኖም በየቀኑ የሌላውን ሌሊት የሚሰማ ሰው የራሱ ሌሊት ይቀሰቀስበታል። ክሌላንድ በ2002 የሴኔት ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ በከባድ ድብርት ወደቁ፤ ለዓመታት ያለፈላቸው የመሰላቸው የቬትናም ትዝታም ተመለሰ። ለሕክምና የሄዱት በ1968 ቁስለኛ ሆነው ወደተኙበት ወደ ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ነበር፤ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ከተመለሱ፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወታደሮች ጋር። የምክር ማዕከላቱ እንዲቆሙ የታገሉት ሰው ከ60 ዓመት ዕድሜ በኋላ ራሳቸው የሚያስታምማቸው ፈለጉ። እስከ 2021 ኖረዋል።

ከዚህ ተነሥቶ መርሐ ግብር የሚያዋቅር ሰው ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የራሱን ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሌላውን እንዲረዳ አይላክ፤ ቅን ልብ ሥልጠናን አይተካም። ሥራው እንደ ሥራ ይከፈልበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በሰጡት ትእዛዝ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት 800 አቻ ደጋፊዎችን እንዲቀጥር ሲደረግ ደጋፊዎቹ ከሕክምና ቡድኑ ጋር የሚሠሩ ሠራተኞች ሆነው ነው የገቡት። ለአንድ ደጋፊ የሚሰጠው ሰው ቁጥር የተወሰነ ይሁን። በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለውም ቢሆን በየጊዜው ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው ባለሙያ፣ ሲከብደው ያለ ሐፍረት የሚያርፍበት ፈቃድ፣ በእነዚያ ቀናትም በእርሱ ምትክ ስልኩን የሚያነሣ ሌላ ሰው ሊኖረው ይገባል።